የአያቴን መሶብ በምን ልጠግነው? ስለ ስንደዶ፣ ስለ አክርማና ስለ ሹራብ ክር

የመሶቡ ወራሽ፣ ሐምሌ 9

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ዓመት ያረፉት አያቴ ከደቡብ ወሎ ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ይዘውት የመጡትና ከ50 ዓመት በላይ በቤታችን የኖረ አንድ የአለላ መሶብ በውርስ ደርሶኛል። ከእናቴ እንደሰማሁት አያቴ ይህን መሶብ ገና ሳይዳሩ በልጅነታቸው በእጃቸው የሰፉት ሲሆን፣ ከሠርጋቸው በኋላም ለዓመት በዓልና ለክርስትና ካልሆነ በቀር ከተሰቀለበት አይወርድም ነበር። እኔ ስረከበው ግን ለረጅም ጊዜ ዕቃ ቤት ውስጥ ከጆንያ ሥር ተቀብሮ ስለቆየ ሦስት ቦታ ተጎድቶ አገኘሁት። የእግሩ ቆዳ ተቀድዶ የታችኛዎቹ ሦስት ዙሮች ተፈትተዋል፤ ክዳኑ ላይ አይጥ የበላችው ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ ቀለሙ ደግሞ ከውጭ በኩል ክፉኛ ደብዝዟል። የሚገርመው ክዳኑን ገልብጬ ውስጡን ስመለከት ቀዩና አረንጓዴው ትናንት የተነከረ እስኪመስል ድረስ ደማቅ መሆኑ ነው።

መሶቡን ይዤ ወደ ገበያ ስሄድ ያነጋገርኩት አንድ ነጋዴ «እግሩንም ክዳኑንም በሹራብ ክር ጠቅልለን በሦስት ቀን እንመልስልሻለን፤ አዲስ ይመስላል» አለኝ። ያሳየኝም መሶብ ላዩ በሙሉ በሚያብለጨልጭ ክር የተሸፈነ፣ ሣሩ ከየትም በኩል የማይታይ ነበር። ዋጋው ውድ አልነበረም፤ ሆኖም እጄ ፈርቶ መሶቤን ይዤ ተመለስኩ። ፍርሃቴ ምክንያት ያለው ይሁን የከተማ ልጅ ናፍቆት ብቻ ይሁን ራሴም በውል አልለየሁትም፤ ወደዚህ መድረክ ያመጣኝም ይኸው ነው።

ልጠይቃችሁ የፈለግሁት፣ በመጀመሪያ፣ ለጥገና የሚሆነው ሣር የትኛው እንደሆነና በዚህ ክረምት ላገኘው እችል እንደሆነ ነው። አንዳንዱ ሰው ስንደዶ ይለኛል፣ ሌላው አክርማ ይለኛል፤ ሁለቱን የሚለይልኝ ግን አላገኘሁም። ከዚህም ሌላ፣ አንድ ቤት ውስጥ የተከማቸ የስንዴ አገዳ ስላለ እሱን መጠቀም ይቻል እንደሆነ፣ ክሩስ በእርግጥ መሶቡን ይጎዳው እንደሆነ፣ እንዲሁም እኔ ወስፌ ጨብጬ የማላውቅ የ34 ዓመት ሴት ሥራውን ራሴ ልሞክረው ብል ከአያቴ ሥራ ላይ ይባስ ጉዳት አደርስ እንደሆነ እንድትነግሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።


መንዜዋ፣ ሐምሌ 10

ልጄ፣ ለአያትሽ ነፍስ ይማር። እኔ መንዝ ተወልጄ ያደግሁ፣ አሁን ደብረ ብርሃን የምኖር የ71 ዓመት ሴት ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ የልጄ ልጅ ስለሆነች አነጋገሩ ከእኔ አፍ ይልቅ የተማረ ሰው ቢመስልሽ የእሷ ነው፤ ነገሩ ግን የእኔ ነው።

ሱቅ ውስጥ የተባልሽውን እንዳታደርጊ። ክር ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ የተፈታውን ዙር ሳያጠብቁ በላዩ ላይ ክር መጠቅለል ቁስልን ሳያጥቡ በነጠላ እንደመሸፈን ስለሆነ ነው። ይህን ለመረዳት ስፌት ከሽመና የሚለይበትን ማወቅ አለብሽ። ሸማኔ ድርና ማግ አለው፤ ስፌት ግን ድርም ማግም የለውም። ከእርሳስ እምብዛም የማይወፍር የሣር እስር ከመካከል ተነሥቶ እየተጠመጠመ ይዞራል፣ በላዩም ስንጥቅ የምንለው ተሰንጥቆ የረጠበ ሣር ይጠቀለልበታል፤ በእያንዳንዱ ጥቅልል ወስፌው ከበታቹ ያለውን ዙር ይወጋና ስንጥቁ በዚያ ቀዳዳ ሾልኮ ይጠብቃል። ስለዚህ መሶብ ከእምብርቱ እስከ ከንፈሩ አንድ ረጅም ገመድ ነው ማለት ትችያለሽ። ከታች አንዱ ዙር ሲላላ ከላይ ያለው የሚይዘው ያጣል፤ የአንቺ ሦስት ዙሮችም የተፈቱት አንድ ላይ ሳይሆን አንዱ ሌላውን እያስከተለ ነው።

ስለ ሣሩ ለጠየቅሽው፣ ስንደዶ ዘንጉ ነው የሚፈለገው፤ ዛላው ብቅ ሲል ከላይ ተይዞ ከቅጠሉ እቅፍ ውስጥ ይመዘዛል፣ ሲደርቅም የወርቅ መልክ ይይዛል። አክርማ ደግሞ ቅጠሉ ነው፤ ከብት ደጋግሞ በጋጠው ሜዳ ላይ እንኳ የሚቀር፣ ከብቱ ራሱ የማይመርጠው፣ በእጅ ቢጎትቱት የማይበጠስ ጠንካራ ሣር ነው። ከሁለቱ የትኛው ውስጥ ገብቶ የትኛው ላዩን እንደሚለብስ ግን ከአገር አገር፣ አንዳንዴም ከዕቃ ዕቃ ይለያያል፤ ለመሶብ የሚደረገው ለሰፌድ ወይም ለእንቅብ ላይደረግ ይችላል። አለላ የምንለውም ለጌጥ በቀለም የተነከረውን ነው። ስለዚህ እኔን ከመጠየቅሽ በፊት መሶቡን ጠይቂው። ከተፈቱት ዙሮች የአንዱን ጫፍ በለብ ያለ ውኃ አርጥቢና በቀስታ ዘርግተሽ እይ፤ ውስጡ ያለው ቅጠል ነው ወይስ ዘንግ? ላዩ የለበሰው ተሰንጥቋል ወይስ ሙሉ ነው? አያትሽ የተጠቀሙበትን እሱ ራሱ ይነግርሻል፤ ጥገናውም በዚያው ይሁን።

የስንዴ አገዳሽን ለሌላ ነገር አድርጊው። እኛ አገር እህል በበሬ ስለሚወቃ አገዳው ተረጋግጦ ጭድ ይሆናል፤ ለከብትና ለጭቃ ምርጊት እንጂ ለወስፌ የሚሆን ርዝመት አይተርፈውም። ሴቶች ፊታቸውን ወደ ዱር ሣር ያዞሩት አንድም በዚህ ይመስለኛል። ሳይወቃ በእጅ የታጨደ ቢሆንም እንኳ አንጓ ስላለው እዚያው ላይ እየተሰበረ ያስቸግርሻል።

ወቅቱን በተመለከተ፣ አሁን ሐምሌ ነው፤ ስንደዶ የሚመዘዘው መስከረም ነው፣ ዘንጉ ሲጠና ነገር ግን ዘሩ ሳይረግፍ። ቀድመሽ ብትመዥው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ዘግይተሽ ብትሄጂ ይሰባበራል። በእኛ ጊዜ ልጃገረዶች በቡድን ሆነን ወንዝ ለወንዝ እየዞርን፣ እየዘፈንንም፣ የዓመቱን እንለቅም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከብት ስንጠብቅም ቡና እስኪፈላም ስፌቱ ከእጃችን አይለይም። አሁን ችግሩ ሣሩ የሚበቅልበት የማሳ ወሰንና የቦይ ዳር መታረሱ ነው። በእኛ በመንዝ የጓሳውን ሣር አባቶቻችን ቄሮ በሚባል ሥርዓት ዘመን እየቆጠሩ ሲዘጉና ሲከፍቱ ጠብቀው አቆይተውታል፤ ያ ለቤት ክዳንና ለገመድ ስለሚፈለግ ነው። ለሴት ስፌት የሚሆነውን ሣር ግን ማንም ሸንጎ ተቀምጦ አልዘጋለትም። ይህን ስል ምሬት አይደለም፤ ወይም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ጥገናው። የተመዘዘው ሣር በጥላ ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ይገረጣል፣ ይሰነጣጠቃልም። ስትሰፊ የሚጠቀለለው ስንጥቅ ርጥብ፣ ውስጥ የሚገባው እስር ግን ደረቅ መሆኑን አትርሺ። ጀማሪዎች ሁለቱንም ይነክሩና ሥራቸው በማግሥቱ ይላላባቸዋል፤ ምክንያቱም ርጥቡ እስር ሲደርቅ ይኮማተራልና ጥቅልሉ ባዶ ይቀራል። ስንጥቁንም ቢሆን ለስልሶ እስኪተጣጠፍ ድረስ እንጂ አሳድረሽ አትዘፍዝፊው።

ከእግሩ ጀምሪ፤ ክዳኑ ይቆይሽ። ከተፈታበት ቦታ ላይ አትነሺ፤ ጥቅልሉ ጠንካራ እስከሆነበት ድረስ አምስት ስድስት ጥቅልል ወደ ኋላ ተመለሽና አሮጌውን እስር አቅጥነሽ ቁረጪ፣ የአዲሱንም ጫፍ እንዲሁ አቅጥኝና ሁለቱን አደራርበሽ አንድ ላይ ጠቅልያቸው። እንዲህ ካደረግሽ መጋጠሚያው አያብጥም። የስንጥቁን ጭራ ቋጠሮ አታድርጊለት፤ እስሩ ውስጥ ቅበሪው፣ የሚቀጥለው ጥቅልል ይይዘዋል። ወስፌውን ከበታች ባለው ዙር ትከሻ ላይ እንጂ በመካከሉ አትውጊው፤ መካከሉን ከወጋሽ የአያትሽን ስንጥቅ ትቆርጫለሽ። ይህን በአሮጌ ሰፌድ ላይ ወይም በራስሽ ጀምረሽ በምትሰፊው ትንሽ ሙዳይ ላይ ተለማመጅና እጅሽ እኩል መሳብ ሲለምድ ወደ መሶቡ ነይ። በ34 ዓመት ይለመዳል፤ እኔ ምራቴን ከዚያ በላይ ዕድሜ ላይ ሳለች አስተምሬያታለሁ፣ ትዕግሥቷ ግን ከአሥር ዓመት ልጅ ያነሰ ነበር።


የጁገል ልጅ፣ ሐምሌ 10

የእማማን መልስ በአድናቆት ነው ያነበብኩት፤ በእጅ ሥራው ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ ሐረር ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ ግን ስለ ቀለሙና ስለ ቀዳዳው ከቤታችን ልማድ ተነሥቼ የተለየ ሐሳብ ላቅርብ።

በሐረሪዎች ባሕላዊ ቤት፣ ጌ ጋር በምንለው፣ ስፌት የማዕድ ዕቃ ብቻ አይደለም። እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው በግድግዳው ላይ በሥርዓት የተሰቀሉትን ሰፌዶችና መክደኛዎች ነው፤ የቤቲቱ ሴት ምን ያህል ሙያ እንዳላት፣ ከእናቷና ከአማቷ ወገን ምን እንደወረሰች የሚያውቅ ሰው ከዚያው ያነበዋል። ሙሽራም ወደ ባሏ ቤት ስትሄድ ስፌት ይዛ ትሄዳለች፤ ለአማቷ የምታበረክተውም አለ። በግንብ የተከበበችው የሐረር ጁገል ከተማ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበች ወዲህ የሚመጣው ጎብኚ ስለ በሮቹና ስለ መስጊዶቹ ብዙ ይነገረዋል፤ የቤቶቹን ግድግዳ የሞላውን የሴቶች ሥራ ግን ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያልፈዋል። በየቤቱ ያለው ቅርስ ግን ይኸው ነው፤ ድንጋዩን የሠሩት ሞተዋል፣ ይህን የሚሠሩት እስካሁን አሉ።

በእነዚህ የተሰቀሉ ስፌቶች ላይ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የደበዘዘን ቀለም ለማመሳሰል መድከም ከንቱ መሆኑን ነው። እናቴ አንድ የተበሳ መክደኛ ስታድስ ዱቄት ቀለም ገዝታ፣ አፍልታ፣ ደጋግማ ነክራ በብዙ ድካም ከአሮጌው ቀይ ጋር አመሳሰለችው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አዲሱ ደብዝዞ ሌላ መልክ ያዘ፣ አሮጌው ባለበት ቆመ፣ መክደኛውም የተለጠፈበት መሰለ። ሌላ ጊዜ ግን ቀዳዳውን ባልተነከረ ሣር ብቻ ሞላችው። ያ እስካሁን ያምራል፤ የተጠገነበት ቦታ ይታያል፣ ሆኖም ከዳር ዳሩ ጌጥ ጋር አይጣላም። ስለዚህ እህቴ፣ ክዳንዎ ላይ የተበላውን በነጩ ስንደዶ ቢሞሉት እመክራለሁ። ውስጡ ደማቅ ሆኖ መቆየቱም ምሥጢር የለውም፤ ብርሃን አልነካውም። ጠግነው ሲሰቅሉት ከመስኮት ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ሳይሆን መስኮቱ ባለበት በዚያው ግድግዳ ላይ ይስቀሉት።

ክርን በሚመለከት እንደ እማማ ለዘብ ማለት አልችልም። የሐረር ወጣት ሰፊዎች ዛሬ በክር የሚሰፉት አለ፤ ንድፉ የእናቶቻቸው ነው፣ እጁም የእነሱው ነው፣ አልንቀውም። ነገር ግን የሣርን ጥቅልል በጣት ስትዳስሰው አንዱ ከሌላው ተለይቶ ይቆጠራል፤ ክር ያን ይሸፍነዋል፣ የላላ እጅንም ይደብቃል። ልጅ ከዚያ ላይ ምን ትማራለች?


ባለሱቁ፣ ሐምሌ 11

የተሰነዘረው ትችት በተዘዋዋሪ እኔንም ስለሚነካ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ። የባሕል ዕቃ ስሸጥ 18 ዓመቴ ነው፤ ጠያቂዋ የሄዱበት ሱቅ የእኔ አይደለም፣ ግን ሊሆን ይችል ነበር።

ደንበኛ ወደ ሱቅ ገብቶ በቅድሚያ የሚያነሣው ደማቁን ነው። አንዲት ሴት በሣር ብቻ አንድ ደህና መሶብ ሰፍታ ለመጨረስ የቤቷን ሥራ እየሠራች ወራት ይፈጅባታል፤ በክር ሲሆን ጊዜው ያጥራል፣ ስንጥቅ መሰንጠቅ የለ፣ መንከር የለ፣ መስከረምን መጠበቅ የለ። ሁለቱን ጎን ለጎን ባስቀምጥ ገዢው የሚከፍለኝ ልዩነት የወራቱን ድካም አይሸፍንም። ሴቲቱ ወደ ክር የዞረችው ባሕል ስለጠላች ሳይሆን ልጆቿን ስለምታበላበት ነው። የጁገሉ ወንድማችን «ልጅ ምን ትማራለች» ሲሉ ልጅቱ የትምህርት ቤት ደብተርም እንደሚያስፈልጋት ቢያስቡት መልካም ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ለጠያቂዋ እውነቱን ልናገር፤ በአሮጌ መሶብ ላይ እኔም ክር አላስጠቅልልም። ሣር የእንጀራውን ላብ ይቀበልና ያወጣል። ሹራብ ክር የሚባለው አብዛኛው ሰው ሠራሽ ስለሆነ እርጥበቱን አይቀበልም፤ ከሥሩ ያለው ሣር ታፍኖ ይሻግታል፣ አንድ ቀን ሲገለጥ ጥቁር ሆኖ ይገኛል። ከማዳበሪያ ከረጢት ተመዝዞ የሚሰፋውም ያው ነው፤ ለጌጥ ወይም ለዳቦ መያዣ ይሁን፣ ለእንጀራ ግን አይመችም። ቫርኒሽ ቀቡት የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ያብረቀርቃል፣ ከዚያም ይሰነጣጠቃል፣ ሽታውም ከእንጀራው ላይ አይለቅም።

ለእግሩ ቆዳ የስፌት ባለሙያ አይፈልጉ፤ አገልግል የሚለብጡ ቆዳ ሠሪዎች ዘንድ ይሂዱ። የፍየል ቆዳ አርጥበው በጠፍር ይሰፉታል፣ ሲደርቅ ራሱ ይጠብቃል። ግን እማማ እንዳሉት ዙሮቹ አስቀድመው ይጠገኑ፤ ቆዳው የላላውን ከሸፈነ በኋላ ማንም አያየውም።

በነገራችን ላይ ገበያው ውስጥ ሁሉንም «ቅርጫት» ማለት ተለምዷልና ሲጠይቁ ይጠንቀቁ። ቅርጫት በአብዛኛው የቀርከሃ ነው፣ የሚሠሩትም ብዙውን ጊዜ ወንዶች ናቸው፤ ሰሌን የዘንባባ ነው፤ ቦረናዎች ወተት የሚይዙበት ደግሞ ከሥር ቃጫ ተጎንጉኖ በጭስ የሚታጠን ሌላ ጥበብ ነው። «ስፌት» ብለው ካልጠየቁ ወደ ሌላ መደብር ይልኩዎታል።


ከበኤር ሼቫ፣ ሐምሌ 13

ሰላም ለሁላችሁ። ባለሱቁ ክርን በተመለከተ የጻፉት የእናቴን ታሪክ አስታወሰኝ።

እኛ ወደ እስራኤል የመጣነው በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተጓጓዙበት ጊዜ ነው። ብዙ ሰው ለማስገባት የአውሮፕላኖቹ ወንበር ተነቅሎ ነበር፤ መሶብ ይዞ መግባት የሚታሰብ አልነበረም። እናቴ ከጎንደር ገጠር ስትወጣ ስፌቶቿን ለጎረቤት ሰጥታ ወስፌዋን ብቻ በመቀነቷ ሸጉጣ መጣች። እኔ ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት በመንገድ ዳር የሚበቅለውን ሣር ሁሉ እየነቀለች ትሞክር ነበር። አንዱ ይሰበራል፣ አንዱ እጇን ይቆርጣል፣ አንዱ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል። በመጨረሻ ከዕደ ጥበብ መደብር ራፊያ የሚባለውን የዘንባባ ቃጫ አገኘች፤ ለመጠቅለያው እሱን፣ ለጌጡ ደግሞ የጥልፍ ክር ይዛ መስፋት ጀመረች። ቅርጹ፣ አዟዟሩ፣ የወስፌው አወጋግ እንደ ድሮው ነው፤ መልኩ ግን ሌላ ነው። በዚህ የሚኖሩ ብዙ የቤተ እስራኤል እናቶች እንዲሁ ባገኙት ነገር ሰፍተዋል፤ ሥራቸው ዛሬ በየዐውደ ርእዩ ሲታይ ሰው የሚያደንቀው ድምቀቱን ነው፤ እናቴ ግን የራሷን ሥራ አገላብጣ እያየች «ድምፅ የለውም» ትላለች። ስንደዶ ወስፌ ሲገባበትና ስንጥቁ ሲሳብ የሚያሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ አለ፤ ራፊያ ዝም ይላል።

ራፊያን ያነሣሁት ለጠያቂዋ ጥገና እንዲሆን አይደለም፤ ስንደዶ በሚበቅልበት አገር ላይ ሆኖ ራፊያ መግዛት አያሻም። ለመለማመጃ ግን ጥሩ ነው፤ አይሰበርምና የጀማሪ እጅ ይታገሠዋል። እስከ መስከረም ድረስ ያለውን ጊዜ በሙዳይ ልምምድ ቢያሳልፉት መሶቡን ሲነኩ እጅዎ አይንቀጠቀጥም። እናቴ አንድ ነገር ጨምሪበት ብላኛለች፤ ስንጥቁን በርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከጎንዎ ያስቀምጡትና አንድ አንድ እያሉ ይምዘዙ፣ ምክንያቱም ውኃ ውስጥ የተቀመጠው ይበዛበታል፣ አየር ላይ የተቀመጠው ደግሞ ወስፌው እስኪደርስለት ይደርቃል።


የመሶቡ ወራሽ፣ ሐምሌ 16

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እማማ እንዳዘዙኝ ትናንት ማታ መሶቡን ጠየቅሁት።

ከእግሩ የተፈታውን ጫፍ በለብ ባለ ውኃ አርጥቤ ዘረጋሁት። ላዩ የለበሰው የተሰነጠቀ ዘንግ ነው፤ በጥፍሬ ስገልጠው ውስጡ ረጃጅም ቅጠል ታስሮበታል። ስለዚህ በአያቴ እጅ ስንደዶ ከላይ፣ አክርማ ከውስጥ ነው ማለት ነው። ሁለተኛውን ዙር ስከተል ግን ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ከአክርማው መካከል፣ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው፣ ሰማያዊ የሱፍ ክር አብሮ ተጠቅልሏል። ለጌጥ እንዳይባል ከውጭ አይታይም። እናቴን ጠርቼ ባሳያት ወዲያው አወቀችው፤ አያቴ ልጆቻቸው ትንንሽ በነበሩበት ጊዜ የሚያለብሷቸው አንድ ሰማያዊ ሹራብ እንደነበረና ሲያልቅ ተተርትሮ ክሩ ለብዙ ነገር እንደዋለ ነገረችኝ። መሶቡ የተሰፋው ከሠርግ በፊት ከሆነና ክሩ ከልጆች ሹራብ የመጣ ከሆነ፣ ይህ እግር አስቀድሞ አንድ ጊዜ ተጠግኗል ማለት ነው። አያቴ ራሳቸው፣ ሣር ያነሰባቸው ቦታ ላይ፣ በክር ሞልተውታል።

ከእንግዲህ ነጋዴውን በምን አፌ ልውቀሰው ብዬ ሳስብ አመሸሁ። ልዩነቱ ግን ትንሽ ቆይቶ ታየኝ፤ እሳቸው ክሩን ያስገቡት ከውስጥ ነው፣ ዙሩንም እንደገና በስንደዶ አጥብቀውታል። መጀመሪያ የተፈታውም የእሳቸው ጥገና አይደለም፤ ከእሱ በታች ያለው፣ አይጥና እርጥበት ያገኘው የመጨረሻው ዙር ነው።

ራፊያ አዝዣለሁ፤ ሙዳይም ጀምሬያለሁ፣ እስካሁን አራት ዙር ደርሶ ሳህን ይሁን ቆብ አልለየለትም። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል፤ እማማ፣ እግሩን ስጠግን ሰማያዊውን ክር ላውጣው ወይስ በቦታው ልተወው?


መንዜዋ፣ ሐምሌ 16

ልጄ፣ ተዪው። ጥቅልሉ ከያዘ እሱን ለማውጣት ብለሽ ደህናውን ዙር ትፈቺያለሽ። አንቺ ከእሱ በታች ካለው ተነሺ።

ሳህን ይሁን ቆብ ያልለየው ስንጥቁን አንዱን ጠብቀሽ አንዱን አላልተሽ ስለምትስቢ ነው። ሲጠብቅ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ሲላላ ይዘረጋል፤ ቅርጽ የሚወጣው ከዚሁ ነውና አሁን ሳታውቂ የምታደርጊውን በኋላ አውቀሽ ታደርጊዋለሽ። አምስተኛውን ዙር ሳትጀምሪ አራተኛውን ፍቺና ድገሚው።

መስከረም ላይ ስንደዶ ለመመዘዝ ስትወጪ ጓንት አታድርጊ፤ ዘንጉ ከእቅፉ ሲለቅ በጣትሽ ካልተሰማሽ ትበጥሺዋለሽ። እጅሽን ቅቤ ቀቢው። ወደዚህ መምጣት ከቻልሽ ደግሞ ከመስቀል በፊት ባለው ሳምንት ነይ፤ ከቤታችን ጀርባ ባለው ቦይ ዳር ያልታረሰ ትንሽ ቀርቷል፣ የልጄ ልጅም አብራሽ ትወርዳለች፣ እሷም እስካሁን ለመጻፍ እንጂ ለመምዘዝ አልወጣችልኝም።